ሎቲ ያደረገ ጅብ

ክረምት ሲገባ የልጅ ልጄ ወደ እኔ ይመጣል። እናትና አባቱ ሥራ ይውላሉ፤ እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት ነኝ። ዘንድሮ 14 ዓመት ሞልቶታል። ድምፁ ጎርንኗል፣ ቁመቱ በልጦኛል፣ ምሳ ሲቀርብ ካልሆነ በቀር ከስልኩ ቀና አይልም። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ልጁ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ በኬሚስትሪ ደብተሩ ጀርባ ላይ ሲጽፍ ሳየው ገረመኝ።

«ምን እየጻፍክ ነው አቡሽዬ?»

«ልብ ወለድ።»

«የፍቅር ነው?»

«ኧረ እማማ! የወንጀል ነው። ሜክሲኮ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ የሚያዘዋውሩ ሰዎች አሉ። ማታ ማታ ደግሞ የፍየል ደም የሚመጥ አውሬ ይወጣል።»

እኔ እንግዲህ ከ30 ዓመት በላይ የኖርኩት ሜክሲኮ ነው። ከባቡር ጣቢያው እስከ ቡና ቦርድ ያለውን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። ፌዴራል ፖሊስ እዚሁ አፍንጫችን ሥር እያለ ማን ደፍሮ ነው ብዬ «በየት በኩል ነው የሚያዘዋውሩት? ፍየሉስ እዚህ ከየት መጣ?» ብለው እስኪያንቀው ሳቀ። እሱ የሚለው ሰፈራችንን ሳይሆን አገሩን ኖሯል። አብሬው ሳቅሁ። ያ ደብተር በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቅልፍ እንደሚነሣኝ አላወቅሁም።

በነገራችን ላይ፣ ብዙዎቹ የሰፈሩ ልጆች አደባባዩ ለምን ሜክሲኮ እንደተባለ አያውቁም። ጣሊያን በወረረን ጊዜ ወረራውን ሕጋዊ ነው ብለው ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1946 ዓ.ም. ሄደው ጎብኝተዋታል። እነሱም በዋና ከተማቸው ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይ አላቸው፤ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያውም በዚሁ ስም ይጠራል፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ይህን ለልጁ ስነግረው ትንሽ አሰበና «እነሱ አንበሳ አድርገውናል፣ እኔ ደግሞ ደም መጣጭ አደረግኋቸው» አለ። ቢሆንም ጽሑፉን አልቀየረም።

የእሱ አውሬ ቹፓካብራ ይባላል። በስፓኒሽ ፍየል መጣጭ ማለት ነው አሉ። እንደ ጥንት ተረት ሆኖ ይወራል እንጂ ዕድሜው ከልጄ ዕድሜ ያንሳል፤ ወሬው የተነሣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ፖርቶ ሪኮ ደሴት ላይ ነው፣ በዓመቱ ሜክሲኮ ገባ። ቤንጃሚን ራድፎርድ የተባለ አሜሪካዊ ነገሩን ዓመታት ተከታትሎ ሲመረምር፣ አውሬውን አየሁ ብላ መልኩን በዝርዝር የተናገረችው ሴት በዚያው ሰሞን የወጣ አንድ የአስፈሪ ፍጡር ፊልም አይታ እንደነበር ደረሰበት። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ቹፓካብራ ነው ተብሎ ሬሳው የተገኘው ፀጉር አልባ፣ ቆዳው የተሸበሸበ እንስሳ ሲመረመር ካዮቴ የሚባለው የቀበሮ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። የታመመ ነው፤ በሽታው እከክ ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔ ብድግ ያልኩት። እከክ! በ2008ቱ ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል ስንቱን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ያሳከከው ያው የቆዳ ተባይ፣ በካዮቴ ላይ የሚወጣው ዓይነቱ ነው እንጂ ዘሩ አንድ ነው። ቆዳው ሥር ገብቶ ይቆፍራል፣ እንስሳው ሲያክ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ከስቶ አደን ያቅተዋል፣ ከዚያ ወደ ሰው በረት ይጠጋል፤ ገበሬው በባትሪ ብርሃን ሲያየው አጋንንት ይመስለዋል። «የአንተ ጭራቅ የሚያስፈልገው ቅባት ነው» አልኩት። ልጁ ቅር አለው። ታሪኬን አበላሸሽው ብሎ ደብተሩን ዘጋ።

እኔም ጸጸተኝና ማታ ራት ላይ የእኛን አገር አውሬ አወራሁለት።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1800ዎቹ መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ለዓመታት የኖረ ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። እሱና ኮፊን የተባለው ባልንጀራው በወጥመድ ተይዘው በጦር የተገደሉ ጅቦችን ተመልክተው ያወሩት ነገር እስከ ዛሬ መጽሐፍ ላይ አለ፦ አንዳንዶቹ ጅቦች ጆሯቸው ላይ የወርቅ ጌጥ ነበራቸው። ሎቲ ማለት ነው። ያን ዓይነት ሎቲ ደግሞ ቡዳ የሚባሉት ባለሙያዎች ያደርጉት ነበር። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ለሚለው ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

የልጁ ጉርሻ አፉ አጠገብ ቆመ። «ታዲያ ማን አደረገለት?» አለኝ። ልብ በሉ፣ እንዴት ጅብ ሆነ አላለም። ማን አደረገለት ነው ያለው። የወንጀል ልብ ወለድ የሚጽፍ ልጅ እንዲህ ነው የሚጠይቀው።

በማግስቱ ሜክሲኮ ቀረች። ታሪኩ ወደ አንድ የቆላ ከተማ መጣ። ከሸለቆው ማዶ በሌሊት በአህያ ጭነት የሚያሻግሩ ሰዎች አሉ፤ ጭነቱ ሐሺሽና ክኒን ነው። መንገዱ ላይ ሰው እንዳይወጣባቸው ሎቲ ያደረገ ጅብ ታየ ብለው ያስወራሉ። እንዲታመን ደግሞ ከልጅነቱ ያሳደጉት ጅብ አላቸው፣ ጆሮውን በስተው ሎቲ አድርገውለታል። ሰው በሩን ቆልፎ ሲያማትብ እነሱ ያልፋሉ። በጣም ደስ አለኝ፤ ይህን የፈጠረው ራሱ ነው።

ወጣት ሳለሁ በነርሲንግ ትምህርት ቤት ማደሪያ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። የይልማ ሀብተየስን የምርመራ ታሪኮችና የማሞ ውድነህን የስለላ ትርጉሞች በሻማ እናነብ ነበር፤ በነጋታው ዎርድ ላይ ዓይናችን ቀልቶ ስንታይ ሜትረኗ ሌላ ነገር ትጠረጥራለች። እንግሊዝኛ የሚችሉት ደግሞ ሼርሎክ ሆልምስን ይተርኩልን ነበር። የባስከርቪል ውሻ በሚለው ታሪክ እሳት የሚተፋ የሚመስል ጥንታዊ ውሻ አንድን ቤተሰብ ያሳድዳል ተብሎ ይፈራል፤ ሲደረስበት ግን ሰው አፉን ፎስፎረስ የቀባው ተራ ትልቅ ውሻ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ውርስ ፈላጊ። ለልጁ ይህን ስተርክለት «ስለዚህ እኔ ሰርቄያለሁ?» ብሎ ተጨነቀ። አልሰረቅህም፣ ቅባቱን በሎቲ ቀይረሃል አልኩት።

ሌላም ነገር ነገርኩት፣ ወላጆች ይከፋቸው ይሆናል። ያ ሁሉ ሰው የሚያደንቀው ሆልምስ ራሱ ኮኬይን በመርፌ ይወጋ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1890 በታተመው የአራቱ ምልክት በሚለው ታሪክ ላይ መጠኑ ሳይቀር ተጽፏል፣ 7 ከመቶ። ያኔ በሕግ አልተከለከለም። ደራሲው ኮናን ዶይል ሐኪም ስለነበር አብሮት የሚኖረውን ዶክተር ዋትሰንን እንዲቆጣው አድርጎታል። ዋትሰን መቆጣቱን እወድለታለሁ፣ ግን ወራት ሙሉ በየቀኑ እያየ ዝም ማለቱን አልወድለትም። ይህን በቃሌ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከልጁ ጋር የተጣላነው በምዕራፍ ሦስት ነው። ዋናው ክፉ ሰው የከተማው ቀጥቃጭ ሆኖ መጣ። ለምን አልኩት። «ቡዳ ስለሚሉት ያስፈራል፤ አንባቢው ቶሎ ያምናል» አለኝ። ልጁ አልተሳሳተም፣ ቶሎ ያምናል። ያስቆጣኝም ይኸው ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አውጥተዋል፤ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪው ማለት ነው። ማረሻውንና ምጣዱን የሚሠራልንን ሰው ሌሊት ጅብ ነው ማለት ንጉሥ አዋጅ እስኪያወጣ ድረስ የደረሰ ነገር ነበር። አዋጁ ወጣ፣ ወሬው ግን አልወጣም። እኔ በ1970ዎቹ ጎጃም ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ሳለሁ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በቃሬዛ መጣች። ትቃዣለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ አንገቷን ታዞራለች። ሦስት ቀን ቤት ውስጥ ጭስ እያጠኗት «ማን በላሽ?» ሲሏት ቆይተው የአንዲት ሸክላ ሠሪ ስም አስጠርተዋታል። ደሟን በማይክሮስኮፕ ስናየው ወባ ሞልቶታል፤ ወደ አንጎሏ ወጥቷል። ኪኒን ሰቀልንላት። ሌሊቱን አላለፈችም። በሁለተኛው ሳምንት ሸክላ ሠሪዋ ከነልጆቿ ሰፈሩን ለቃ እንደሄደች ሰማሁ። ወዴት እንደሄደች የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ይህን ለልጁ ነገርኩት። አልመለሰልኝም፣ ግን ሁለት ገጽ ቀደደ።

አሁን ወደ ዕፁ ልምጣ።

በመጀመሪያው ጽሑፉ አንድ ገጸ ባሕርይ ኮኬይን በላስቲክ ተጠቅልሎ 60 ፍሬ ውጦ፣ በቦሌ በኩል እየሳቀ አውሮፕላን ይሳፈራል። ልጄ፣ አይስቅም አልኩት። እንዲህ ዕቃ ሆነው የሚጓዙ ሰዎች ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ጥቅል ይውጣሉ፤ አንዱ 10 ግራም ገደማ ነው፣ በጠቅላላው ኪሎ ሊሞላ ይችላል። እንዳያስቀምጣቸው አንጀት የሚያደርቅ መድኃኒት ይወስዳሉ፣ እህል አይቀምሱም፣ ይህም ነው አንዳንዴ የሚያጋልጣቸው። አንዱ ጥቅል ሆድ ውስጥ ከፈነዳ ልብ ይጋልባል፣ የደም ግፊት ይወጣል፣ ሰውነት ይነዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ብዙ ጊዜ ለሐኪምም አይበቃም። ኮኬይን ማርከሻ መድኃኒት የለውም። የላከው ሰው ደግሞ ሌላ አገር ሆቴል ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልክ ይጠብቃል፤ እሱ ምንም አልዋጠም። ልጁ ይህን ሁሉ ጻፈው። ሲያዝ ስንት ዓመት ይፈረድበታል ብሎም ጠየቀኝና የወንጀል ሕጋችንን አንቀጽ 525 አብረን አነበብን። ከጡረታ በኋላ እንዲህ ያለ ጨዋታ ማን ያገኛል!

ምዕራፍ አምስትን ግን እኔ ነኝ ያነበብኩት፣ እሱ ተኝቶ። አይገባኝም ነበር፤ ሳልጠይቅ የሰው ደብተር ከፍቻለሁ።

በዚያ ምዕራፍ ክኒኑ ከሸለቆው ተሻግሮ አንድ ትምህርት ቤት ይደርሳል። አንድ ልጅ ይውጠዋል። ልጁ መጀመሪያ አፍንጫውን ያካል። ሆዱ ይገለበጣል። ከዚያ ነገር ሁሉ ቀላል ይሆንለታል፤ ፈተናውም፣ አባቱም። የዓይኑ ብሌን ጠባብ ነጥብ ይሆናል። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ሲውጥ የነበረው አምስት ይውጣል። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ሽንት ቤት ውስጥ ይወድቅና ይንፈራገጣል፣ ጓደኛው በሩን ከውስጥ ቆልፎ ራሱን በጉልበቱ ላይ ይይዝለታል።

ይህ ፊልም ላይ የታየ አይደለም። ፊልም ላይ ዱቄት በአፍንጫ ይስባሉ እንጂ አፍንጫ የሚያካክ የለም። ይህ ትራማዶል ነው። እኔ በዎርድ አውቀዋለሁ፤ ለቀዶ ጥገና ሕመም እንሰጠው ነበር። ጥሩ መድኃኒት ነው። በአብዛኛው 50 ሚሊግራም ሆኖ ይመጣል፣ አዋቂ ሰው በቀን ከ400 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ከሞርፊን ወገን ስለሆነ ያስለምዳል፤ ከሞርፊን የሚለየው ግን ሲበዛ የሚጥል በሽታ የሌለበትን ሰው እንኳ ሊያንዘፈዝፍ መቻሉ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ እንደ ሞርፊን ቁጥጥር ስለማይደረግበት በርካሽ ይመረታል፤ ሕንድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ጥብቅ ቁጥጥር ውስጥ እስክታስገባው ድረስ ወደ ምዕራብ አፍሪካ በኮንቴይነር ይጫን ነበር። ለእኛ ልጆች ክኒን መሆኑ ነው ችግሩ። አይጨስም፣ አይሸትም፣ እናት ሸሚዝ ብታሸትም አታገኘውም።

በሌሊት ተነሥቼ የመድኃኒት ዕቃዬን ከፈትኩ። የብስኩት ቆርቆሮ ነው፣ ከኮመዲኖው ላይ። አምና ጉልበቴን ሲያመኝ 10 ፍሬ ትራማዶል ታዞልኝ ነበር። ቆጠርኩ፤ ያሉት 6 ናቸው። የወሰድኩት 3 ነው ወይስ 4? አላስታውስም። ስንት ዓመት የዎርድ ቁልፍ ወገቤ ላይ አስሬ፣ ናርኮቲክ በፍሬ ቆጥሬ፣ ፈርሜ ያስረከብኩ ሴት፣ የራሴን ቤት ቆጥሬ አላውቅም። እስኪነጋ ተቀምጬ 6ቱን ፍሬ እያየሁ አደርኩ።

ጠዋት ሻይ አፈላሁ። «ደብተርህን አንብቤዋለሁ፣ ይቅርታ» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። ማን ነው፣ አንተ ነህ ወይ፣ ከየት አመጣህ ልለው አፌ ላይ ነበር። ዋጥ አደረግሁት። «ሽንት ቤት የወደቀው ልጅ በምዕራፍ ስድስት ምን ይሆናል?» አልኩት።

ብዙ ቆየ። «አላውቅም» አለኝ። «ለዚያ ነው ያቆምኩት።»

ቀስ እያለ ወጣ። ጓደኛው ነው። በሩን ቆልፎ ራሱን የያዘለት የእኔው ልጅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ክኒኖች ጓደኛው ያገኘው ከየትም አይደለም፣ ቤት ነው፤ አያቱ ወገባቸውን ኦፕሬሽን ሆነው የተረፈ ነበራቸው። ሲያልቅ ነው ከትልልቅ ልጆች መግዛት የጀመረው። የእኔ ልጅ ለማንም ያልተናገረው ጓደኛው ይታሠራል ብሎ ነው፣ አንቀጽ 525ን የጠየቀኝም ለገጸ ባሕርይው አልነበረም። ሕጋችን ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች በተለየ መንገድ እንደሚያያቸው፣ የታመመ ልጅ ደግሞ ቀዳሚ ቦታው ሐኪም ቤት እንደሆነ ነገርኩት። ስለ ቆርቆሮዬም ጠየቅሁት። «ከፍቼ አይቻለሁ። ስሙ ያው መሆኑን ላረጋግጥ ነው። አልወሰድኩም» አለኝ፣ ዓይኔን እያየ። አመንኩት። ማመኔን ደግሞ እንዲያይ ፈልጌ ነበር።

ከዚያ የከበደው መጣ። «ለእናቱ ልነግር ነው» አልኩት።

«በእኔ አምነሽ አይደለም ማለት ነው» አለ። «እሱም በእኔ አምኖ ነው።»

ዋትሰን ትዝ አለኝ፣ ወራት ሙሉ እያየ ዝም ያለው። ለልጁ እሱን ከኋላው እንደማልሄድ፣ ስደውል አጠገቤ ቁጭ ብሎ እንዲሰማ፣ ስሙን ግን እንደማላነሣ ነገርኩት። ተነሥቶ ወጣ። ሁለት ቀን አላናገረኝም። ደብተሩን አልጋው ሥር ከተተው።

የጓደኛው እናት በመጀመሪያው ስልክ ዘጋችብኝ። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን አንዲት የማላውቃት አሮጊት ደውላ ልጅሽ ዕፅ ይወስዳል ብትለኝ እዘጋ ነበር። ሳምንት አልቆየም፣ ልጁ ቤት ውስጥ ራት ላይ ወደቀ። እናቱ በሌሊት ደወለችልኝ። በዚያ ሰዓት የነገርኳትን ለእናንተም ልድገመው፣ ምክንያቱም እዚያ ቤት ውስጥ አያት ክብሪት ጭረው ሊያሸቱት፣ አጎት ማንኪያ በጥርሱ መሀል ሊያስገቡ ነበር። ሁለቱንም ተዉ። የሚንፈራገጥ ሰው በጎኑ ይተኛ፣ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ይደረግለት፣ አፉ ውስጥ ምንም አይግባ፣ ሰዓት ተመልከቱ። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ካቆመ በኋላ ትንፋሹ ከዘገየና ከንፈሩ ከጠቆረ አምቡላንስ ነው፤ የቀይ መስቀል 907 ነው። ስትሄዱ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። ለሐኪሙም እውነቱን ንገሩት። ስንት ልጅ ነው «ምግብ ነው የተመረዘው» ተብሎ መጥቶ ሰዓት ያቃጠለብን፣ እናት ስለ አፈረች።

በድንገት ማስቆምም ራሱን የቻለ ሥቃይ አለው። ልጁ ያልበዋል፣ ሆዱ ይቆረጣል፣ እንቅልፍ የለም፣ ይበሳጫል፣ ሰው ቀማኝ ይላል። ይህን የማያውቅ ወላጅ ልጁ የባሰበት ይመስለዋል፤ ወይ ይማታል ወይ ጠበል ብቻ ወስዶ ያስቀምጠዋል። ጠበሉን አልከለክልም፣ እኔም እሄዳለሁ። ሐኪምም ይጨመርበት ነው የምለው። የአእምሮ ሐኪም ሲባል ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል በር ላይ ሰው ያየኛል ብለን የምንሸሸውን ሽሽት አውቀዋለሁ፤ እናትየዋም ፊቷን በነጠላ ሸፍና ነው የሄደችው። ሄዳለች ግን።

እኔ ደግሞ 6ቱን ፍሬ ወደ መድኃኒት ቤት መልሼ በባለሙያው እጅ እንዲወገድ ሰጠሁ። ሌላውን መድኃኒቴን በቁልፍ ያዝኩ። አንድ የ70 ዓመት ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው «በገዛ ቤቴ ልቆልፍ?» ብለው ተቆጡኝ። በነጋታው ግን ቁልፍ የት እንደሚሸጥ ጠየቁኝ።

የልጅ ልጄ በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ከአልጋው ሥር አወጣ። አልታረቅንም፣ ጥያቄ ኖሮት ነው የመጣው። «ሎቲ ሲሠራ የሠሪው እጅ ይታወቃል?» አለኝ። ይታወቃል አልኩት፤ ድሮ እናቴ የማንኛውን አንጥረኛ መስቀል በዓይኗ ትለየው ነበር። ገጽ ገለጠና መጻፍ ጀመረ። አሁን ቀጥቃጩ ወንጀለኛ አይደለም። ጅቡ ሞቶ ሲገኝ ከተማው ሁሉ ሎቲውን አይቶ ወደ ቀጥቃጩ ቤት በዱላ ይሄዳል። ቀጥቃጩ ሎቲውን ከእጃቸው ተቀብሎ ወደ ብርሃን ያነሣውና ይስቃል። የእሱ ሥራ ነው፤ ስንት እንደተከፈለው፣ ማን እንዳዘዘው፣ ሰውየው ለየትኛዋ ሚስቴ ነው ብሎ እንደዋሸውም ያስታውሳል። ነገሩ ሁሉ የሚፈታው በእሱ አፍ ነው።

ጓደኛው ባለፈው ቅዳሜ ቤቴ መጣ። ከስቷል። ሁለቱ ቁርስ በልተው ደብተሩ ላይ ተደፉ። ይህን ዓምድ ከመጻፌ በፊት የሁለቱንም ልጆችና የእናቶቻቸውን ፈቃድ ጠይቄአለሁ፤ ይታወቁበታል ብዬ የፈራሁትንም ነገር ለውጫለሁ። ምዕራፍ አምስት ላይ ሲደርስ ጓደኛው ቆመ። «ይሄ ልክ አይደለም» አለ። «ስትነቃ መጀመሪያ የሚሰማህ ፍርሃት አይደለም። ሱሪህ መራሱ ነው።»

የእኔው ልጅ እስኪሪብቶውን ይዞ ወደ እኔ ዞረ፣ ልጻፈው ወይ እንደማለት። እኔ ወደ ጓደኛው አመለከትኩት።

«ጻፈው» አለ ልጁ፣ ጆሮው ቀልቶ። «ስሜን ብቻ ቀይረው።»